ካሜራ ይዞ ወደ ጦር ሜዳ ስለሚሄደው ሰው



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጦር ሜዳ ዘጋቢ ነው። ዘጋቢ ማለት አንድን ነገር ከቦታው ሄዶ አይቶ፣ በጽሑፍ ወይም በድምፅና በምስል ቀድቶ፣ ላላየው ሕዝብ የሚያደርስ ሰው ነው። የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሲባል ደግሞ ጦርነት ወዳለበት፣ ረሀብ ወደገባበት፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ወደሚሸሽበት አገር ሄዶ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ነው። ሕዝቡ ከዚያ ሲወጣ እሱ ወደዚያው ይገባል።

ስለዚህ ሥራ ባወራሁ ቁጥር ሰዎች ጥያቄ ያነሡብኛል። "ይህ ሰው ወታደር ነው ወይስ ሰላማዊ ሰው?" ይሉኛል። "ደመወዙን ማን ይከፍለዋል?" የሚሉም አሉ። "አይፈራም ወይ? ልጅና ሚስት የለውም?" ይላሉ። ሁሉም ደረጃ ደረጃውን ይዞ መልስ ያገኛል። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይከብደኛል። እሱም "ሰው እየሞተ ቆሞ ከሚያነሣ ለምን አይረዳም?" የሚለው ነው።

በደፈናው ከምናገር የአንድን ሰው ሕይወት ብነግራችሁ ይሻላል። ሰውየው መሐመድ አሚን ይባላል። የኬንያ ሰው ነው። ሥራው፣ የተቆረጠው ክንዱና ሞቱ ግን ሁሉም ከኢትዮጵያ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ታሪኩ ለእኛ የባዕድ ታሪክ አይደለም።

መሐመድ አሚን በ1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ዘሩ ከህንድ አገር የመጣ ሲሆን፣ አባቱ በባቡር ሐዲድ ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ልጁ ያደገው በታንዛኒያ፣ በዳሬሰላም ከተማ ነው። ገና ተማሪ ሳለ ሌላ ሰው የተጠቀመበት ርካሽ ፎቶግራፍ ማንሻ አገኘ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሙያ አልፈለገም። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው የራሱን የፎቶግራፍና የፊልም ድርጅት አቋቋመ።

ሥራው ቀላል ሆኖ አላገኘውም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዛንዚባር ደሴት ላይ ተይዞ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ታሰረ፤ ተደበደበም። የታሰረው ሰው ገድሎ ወይም ሰርቆ አይደለም። ባለሥልጣኖች እንዲታይ የማይፈልጉትን ነገር ስላነሣ ነው። ከእስር ሲወጣ ወደ ኬንያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ሰኔ 28 ቀን 1961 ዓ.ም. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ሲመቱ፣ ወዲያው ከቦታው ደርሶ የቀረጸው እሱ ነበር። ለዚህ ሥራው በእንግሊዝ አገር ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ ልመለስ። ወታደር ነው ወይ? አይደለም። ሰኔ 1 ቀን 1969 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ በጦርነት ሕግ ላይ አንድ ተጨማሪ ውል ጸድቆ ነበር። ይህ ውል ጦርነት ባለበት አገር በሥራ ላይ ያለ ጋዜጠኛ እንደ ማንኛውም ሰላማዊ ሰው ይቆጠራል ይላል። ሊተኮስበት አይገባም። እሱም በበኩሉ በውጊያው መግባት የለበትም። ሕጉ ይህ ነው። ጥይት ግን ሕግ አያነብም። ጋዜጠኛን ሆን ብለው የሚገድሉም አሉ፤ የሠሩት ሥራ እንዳይታይ ብለው ነው።

ደመወዙን የሚከፍለውስ ማን ነው? መሐመድ አሚን ብዙውን ጊዜ ይሠራ የነበረው ቪዝኒውስ ለሚባል፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ለሆነ የዜና ድርጅት ነው። ይህን በእህል ነጋዴ ብንመስለው ይገባናል። አንድ ነጋዴ ከአንድ ገበሬ የገዛውን ጤፍ ለብዙ ቤቶች ይሸጣል። ቪዝኒውስም አንድ ሰው አንድ ቦታ የቀረጸውን ምስል ለብዙ አገሮች የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይሸጥ ነበር። ልዩነቱ ጤፍ ከተሸጠ ያልቃል፤ ምስል ግን ለመቶ ጣቢያ ቢሸጥም አያልቅም።

ሥራው የሚሠራው ደግሞ በአንድ ሰው ብቻ አይደለም። አንደኛው ካሜራውን በትከሻው ተሸክሞ ምስሉን ያነሣል። ሁለተኛው ድምፁን ይቀዳል። ሦስተኛው ያየውን በቃሉ ይናገራል፤ ሰውም የሚያውቀው ይህን ፊቱ የሚታየውን ነው። በዚያን ጊዜ ካሜራውና የድምፅ መቅጃው በገመድ የተያያዙ ነበሩ። ስለዚህ ካሜራ የያዘውና ድምፅ ቀጂው እንደ ተጠመዱ በሬዎች ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት። አንዱ ሲሮጥ ሌላውም ይሮጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይሰናከላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ 1977 ዓ.ም. እንምጣ። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት ያንን ዘመን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ደጋግሞ ቀርቶ ነበር። በትግራይ፣ በወሎና በኤርትራ ጦርነት ነበር። ገበያው ተዘግቷል፤ መንገዱ ተቆርጧል፤ በሬው ሞቷል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አስቀድሞ በ1976 ዓ.ም. ለውጭ አገር ለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር። የመጣው እርዳታ ግን ከሚያስፈልገው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። መንግሥቱ ደግሞ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ለማክበር ሲዘጋጅ፣ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ወደ ሰሜን እንዲሄድ አይፈቅድም ነበር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን ፈቃድ አገኘ። አብሮት ማይክል በርክ የሚባለው የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. ዘጋቢ ነበር። ወደ መቀሌና በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው ወደ ኮረም ሄዱ። ኮረም ደጋ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነቅሎ እዚያ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር። ብዙው የሚለብሰው እንኳ አልነበረውም። ሌሊት የሞተውን ጎህ ሲቀድ እየገነዙ ያወጡት ነበር። መሐመድ አሚን ካሜራውን የከፈተው በዚያች የንጋት ሰዓት ነው። መቀሌ ላይ ደግሞ ክሌር በርቺንገር የምትባል የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ምግቡ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከተሰለፉት ብዙ ሕፃናት መካከል የሚመገቡትን ጥቂቶች ራሷ መምረጥ ነበረባት። ያልተመረጠው ልጅ ምን እንደሚሆን እሷም ታውቃለች፤ እናቱም ታውቃለች። ካሜራው ይህንንም አነሣ።

ካሴቱ በአውሮፕላን ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም ወደ ለንደን ሄደ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ሰሞን ከ400 በላይ የሆኑ የዓለም ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። እራቱን የሚበላ የእንግሊዝ አገር ሰው በቤቱ ሆኖ የኮረምን ሜዳ አየ። ቦብ ጌልዶፍ የሚባለው የአየርላንድ ዘፋኝ ይህን አይቶ ጓደኞቹን ሰበሰበና በኅዳር ወር አንድ ዘፈን አወጡ፤ ገንዘቡ ለእርዳታ ሆነ። የአሜሪካን ዘፋኞችም በጥር እንዲሁ አደረጉ። ሐምሌ 6 ቀን ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። መንግሥታትም ዝም ማለት አልቻሉም። እህልና አውሮፕላን ከምዕራቡም ከምሥራቁም መጣ።

ልብ በሉ፤ ኮሚሽኑ አስቀድሞ ቁጥሩን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ልኮ ነበር። ያን ወረቀት ያነበቡ ባለሥልጣኖች ነበሩ። ዓለምን ያስነሣው ግን ምስሉ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሸንጎ ፊት የሚሆነውን አስታውሱ እላለሁ። "ሰማሁ" ያለ ምስክርና "አየሁ" ያለ ምስክር እኩል አይታመኑም።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። ሰው እየሞተ ለምን ያነሣል? ለምን አይረዳም?

ብዙ ዘጋቢዎች የሚሰጡት መልስ ይህ ነው፤ "በእጄ ያለው ካሜራ እንጂ ኩንታል እህል አይደለም። ያለኝን ዳቦ ብሰጥ አንድ ሰው አንድ ቀን ይበላል። ምስሉን ባደርስ ግን መርከብ ሙሉ ስንዴ ይመጣል።" በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ካየን ይህ መልስ እውነትነት አለው። በዚያ ፊልም ምክንያት የተረፈ ነፍስ ብዙ ነው። ይህን የሚክድ ሰው ያጋጠመኝ የለም።

ሆኖም መልሱ ለእኔ ሙሉ አይደለም። ኮረም ሜዳ ላይ የነበሩት ሰዎች ገበሬዎች ናቸው። በሬ ጠምደው ያረሱ፣ ጎተራ የሞሉ፣ እንግዳ የተቀበሉ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ናቸው። ዓለም ያያቸው ግን ከሕይወታቸው በከፋው ቀን ነው። ልጇን የታቀፈች እናት "ላንሣሽ ወይ?" ተብላ የተጠየቀችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስሟ ማን ነው? ከየት መንደር መጣች? ምን ዘርታ ምን ቀረባት? በቴሌቪዥኑ ላይ ይህ አይነገርም ነበር። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ኢትዮጵያ ሲባል የሚታያቸው ያ ሜዳ ነው። የጎጃምን የጤፍ ማሳ ወይም የሲዳሞን የቡና ተክል አያውቁም። ምስሉ እህል አምጥቶልን ስማችንን ግን ይዞብን ቀርቷል።

ሌላም ነገር አለ። ምስል ዝናብ አለመዝነቡን ማሳየት ይችላል፤ የደረቀ መሬት ይታያላ! ጦርነቱን ግን እንዴት አድርጎ ያሳይ? የተቃጠለውን ገበያ፣ የተዘጋውን መንገድ፣ በአማፅያን ይዞታ ሥር ስለሆነ ብቻ እርዳታ የማይደርሰውን መንደር ካሜራው አላየውም፤ እዚያ እንዲሄድም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ፊልሙን ያየው ሰው ሁሉ "ድርቅ ነው፤ የሰማይ ነገር ነው" አለ። የሰው እጅ ያለበት መሆኑን የተረዳው ጥቂት ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ለሰፈራ ሲወሰድ፣ ብዙዎችም በግድ ሲወሰዱ፣ ለዘፈኑ ገንዘብ ያዋጣው የውጭ አገር ሰው ምን እየሆነ እንዳለ ለማወቅ ጊዜ ፈጅቶበታል።

"ታዲያ ምስል ይዋሻል ማለት ነው?" ብለው አንድ አባት ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። ካሜራ ፊቱ ያለውን ያነሣል። ዋናው ነገር ግን ከምስሉ አጠገብ የሚቀጠለው ሌላው ምስል ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሀብ ቀርጾ በአገሩ አሳየ። ያኔም ብዙ እርዳታ ተሰበሰበ። ያው ፊልም በዓመቱ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ያሳየው ደርግ ነው። በፊልሙ መካከል ግን የቤተ መንግሥቱ ግብርና ድግስ ተቀጥሎበት ነበር፤ የሚሞት ልጅ ይታያል፣ ቀጥሎ ድግስ ይታያል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን የሰፋቸው መርፌ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ያው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ በራሱ ድግስ ጊዜ ረሀቡ እንዳይታይ ካሜራ ከለከለ። እኔ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

አይፈራም ወይ የሚለውን ልመልስ። ይፈራል። የማይፈራ ሰው በዚህ ሥራ ብዙ አይቆይም፤ የሚያድነው ፍርሃቱ ነው። ተኩሱ ከየት እንደሚመጣ ያዳምጣል፤ መውጫውን አስቀድሞ ያያል፤ ጥጉን ይይዛል። ሁሉም ጥንቃቄ ግን የሚያድነው ለተወሰነ ጊዜ ነው።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥይት መጋዘን ተቃጠለ። መንግሥት ከተለወጠ ገና አንድ ሳምንት መሆኑ ነው። መሐመድ አሚንና ጓደኞቹ ሊቀርጹ ሄዱ። እሳቱ ወደ ትልቁ ክምችት ሲደርስ ፈነዳ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አስታውሱት። ድምፅ ቀጂው ጆን ማታይ የሚባል ኬንያዊ ነበር። ከካሜራው ጎን የማይለየው እሱ ነው። ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። መሐመድ አሚን ግራ ክንዱን አጣ። ማይክል በርክም አብሯቸው ነበር፤ እሱ ተረፈ።

ይህ ከሆነ በኋላ ሰው ሁሉ "በቃው" አለ። ካሜራ በሁለት እጅ የሚያዝ መሣሪያ ነውና። እሱ ግን ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ካሜራ ተሸከመ። አንዳንዱ ይህን ጀግንነት ይለዋል፤ አንዳንዱ ግትርነት ይለዋል። ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ነበሩት። እቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይህን ነገር ምን ብሎ እንደሚጠራው መገመት አያቅትም። ስለ ጆን ማታይ ደግሞ የሚያወራው ሰው ጥቂት ነው። ሽልማቱም፣ ስሙም ለካሜራው ባለቤት ነው የሚሆነው። ገመዱ ሁለቱን እኩል ያስራቸው ነበር፤ ዝናው ግን እኩል አላሰራቸውም።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈረ። ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠለፉና "ወደ አውስትራልያ ውሰደን" አሉ። አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ መንገድ የተሞላ እንጂ ለአውስትራልያ እንደማይበቃ ነገሯቸው። ጠላፊዎቹ ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ለተሳፋሪ በሚቀመጠው መጽሔት ላይ፣ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ብዙ ሰዓት መብረር ይችላል የሚል አንብበው ነበርና አላመኑም። መጽሔቱ የተናገረው ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው። እነሱ ቁጥሩን አነበቡ፤ ታንኩ ስንት እንደያዘ ግን አልጠየቁም። ነዳጁ አለቀ፤ አውሮፕላኑም በኮሞሮ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ካፒቴኑ ከተረፉት ውስጥ ነበሩ። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደተናገሩት መሐመድ አሚን እስከ መጨረሻው ድረስ ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገር ነበር። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። 

ያነሣቸው ምስሎች ባቋቋመው ድርጅት ናይሮቢ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚጠብቀውም ልጁ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ይህን የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው። "እንዲህ ያለ ሰው ወደ እኛ ቀበሌ ቢመጣስ ምን እናድርግ?" አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ኪሱ ውስጥ ስልክ ያለው ሁሉ ምስል ይቀርጻል። ስለዚህ የምለውን ስሙኝ። መጀመሪያ ማን እንደላከውና የት እንደሚታይ ጠይቁት። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልስ የሌለው ከሆነ አለመነሣት ትችላላችሁ። ልጃችሁን እንዲያነሣ ካልወደዳችሁ "ልጄን አታንሣ" በሉት። ለመነሣት ከፈቀዳችሁ ደግሞ ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስምና መንደራችሁን ንገሩት፤ በትክክል መጻፉንም እዩ። አሁን ማንበብ ስለምትችሉ "አሳየኝ እስቲ" ማለት ትችላላችሁ። ዝናብ ስለመቅረቱ ብቻ ከጠየቃችሁ፣ ዝናቡ በቀረባቸው በሌሎቹ ዓመቶች እንዴት እንደተረፋችሁና ዘንድሮ ምን እንደተለወጠ ጨምራችሁ ንገሩት። ቢቸኩልም አትቸኩሉለት።

እኔ የምለው ይህን ያህል ነው። ከዚህ በላይ ጥያቄ ያለው ሰው አሁን ያንሣ።